ሰው ጋ ያሉ መጻሕፍት

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራዬን ለቅቄ ሎጊያ አንድ ጋራዥ መለዋወጫ ክፍል ልገባ ነው ስላቸው ሰዎች ፊታቸው ይጨማደዳል። ከመጽሐፍ ወደ ኩሽኔታ፣ ከተማሪ ወደ ሾፌር። አንዷ አስተማሪ ጭራሽ ታመሽ ነው ወይ ብላኛለች። አልታመምኩም። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሠላሳ ሞልቶኛል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ደግሞ ድሮም አይሆንልኝም። የምጽፈው ግን ስለምሄድበት ቦታ አይደለም። ትቼው ስለምሄደው ነው፤ የርክክቡ ቅጽ ላይ የማይገባ ብዙ ነገር ስላለ።

ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ነው። አባቴ ደገኛ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ ሾፌር ሆኖ ሲመላለስ እናቴን አገኘና እዚያው ቀረ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ይህን አልደብቅም፤ ከዚያ በኋላ ስንት ባለ ዲግሪ "እባክሽ ይህን መጽሐፍ ፈልጊልኝ" እያለ ፊቴ ቆሟል። የተማርኩበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ረዳት ሲፈልግ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ሳሙናና የስልክ ካርድ ከገዛሁ በኋላ የሚተርፍ አልነበረም፤ ሁለተኛ አላነሳውም።

አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛወሩ፤ መጻሕፍቱንም እንደ ባቡር ዕቃ ያዟቸው። እያንዳንዱ ቦታ አለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ቢሰዱ የፈለጉትን ያወጣሉ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይመጣሉ። ሁለት ሁለት መጽሐፍ ይዘው ደጅ ላይ ጀርባ ለጀርባ እያጋጩ አቧራውን ያራግፋሉ። በቀን አንድ መደርደሪያ። ኒም ከሚባለው መራራ ዛፍ የተቆረጠ መፋቂያ ከአፋቸው ጥግ ስለማይጠፋ ከሚናገሩት ግማሹን መገመት ነበረብኝ።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ሙያ ጥረዛ ነው። ፋብሪካ በሙጫ ብቻ ያጣበቀው መጽሐፍ የእኛን ሙቀት አይችልም። ሙጫው ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ተማሪው ሲገልጥ ገጹ እጁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፉን ፈትተን፣ በወስፌ በስተን፣ ክሩን በሻማ አሽተን እንሰፋዋለን። ጀርባውን በአሮጌ ጂንስ ቁራጭ እናለብሰዋለን። ጨርቁን የሚይዘው ከዱቄት የተሠራ ሙጫ ነው። ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ግን ተራ ውሃ አይደለም፤ የኒም ቅጠል ግማሽ ቀን የተቀቀለበት፣ አረንጓዴ፣ መራራ፣ የሚሸት ውሃ ነው። ነፍሳት አይቀርቡትም። በመጨረሻ መጽሐፉ በሁለት ጣውላ መካከል ሆኖ የሐዲድ ብረት ቁራጭ ይጫንበታል። ያቺ ብረት ጋሽ ደምሴ ከጣቢያው ይዘዋት የመጧት ናት።

"ኒሙን እንዳትረሺ" ይሉኝ ነበር፤ "ዱቄቱ ለእኛ ሙጫ ነው፣ ለምስጥ ምሳ ነው።"

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያኔ የሚያናድደኝ። ተማሪ መጽሐፍ ሲመልስ መጽሐፉን ቶሎ አይከፍቱትም። መጀመሪያ የልጁን ፊት ያያሉ። ቆይተው "እህ፣ ምን አለህ?" ይላሉ፤ መጽሐፉ የሚናገር ሰው ይመስል። ልጁ ያወራል። አውርቶ ሲጨርስ ነው ገጽ መቀደድ አለመቀደዱ የሚታየው። ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል፣ እኔ እቁነጠነጣለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጋሼ፣ መጀመሪያ መጽሐፉን ቢያዩ አይሻልም ወይ፣ ቀዶት ቢሆንስ አልኳቸው።

"ከቀደደው ፊቱ ላይ አለ" አሉኝ።

አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ፣ ሠመራ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና አመለከትኩ። ኃላፊ የሚለው ቃል ነው የወሰደኝ። የምሄድ ቀን ጋሽ ደምሴ የሐዲዷን ብረት በጆንያ ጠቅልለው መናኸሪያ ድረስ አመጡልኝ። የአውቶቡሱ ረዳት ሊያነሳው ሞክሮ ወገቡን ያዘና ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። "ትራሷ ነው" አሉት።

ሠመራ ስደርስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አንድ የተቆለፈ ክፍል ነበር። መጻሕፍቱ ከካርቶን አልወጡም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የፈረመበት ንብረት እንዳይጎድልበት ከነካርቶኑ ጠብቆ አስረክቦ ሄዷል። አንድም አልጠፋም። አንድም አልተነበበም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዓሊ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ የማይል። ቁልፉን ሰጡኝና እንግዲህ ቤቱ ያንቺ ነው አሉኝ።

የእኔ አደረግሁት። ካርቶኖቹን ቀደድኩ፣ መደርደሪያ አሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ሰጠሁ። በምሳ ሰዓት መዝጋት ቀረ፤ ቬንትሌተር ያለበት ክፍል በዚያ ሙቀት ተዘግቶ ምን ሊሠራ ነው? ልጆቹ መጀመሪያ ለነፋሱ ገቡ፣ ቀስ በቀስ ለመጽሐፉ ተቀመጡ። በሁለተኛው ዓመት ወንበር አልበቃ ብሎ መሬት ላይ ይነበብ ነበር። እዚህ ላይ አልሽኮረመምም፤ ጥሩ ሠርቻለሁ።

ችግሩ ቤቱ በጣም የእኔ መሆኑ ነበር።

ዘህራ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቧ ሰርዶ አካባቢ ከብት ያረባል፤ እሷ ሠመራ ዘመድ ጋ ተቀምጣ ትማራለች። አፋር ልጆች አማርኛ ሲያወሩ "እርስዎ" የሚባል ነገር የላቸውም፤ ርዕሰ መምህሩም "አንተ"፣ እኔም "አንቺ" ነን። ፊት ለፊት ስለሆነ ይመቸኛል። አንድ ሰኞ፣ ለሁለት ሳምንት የወሰደችውን የሂሳብ መጽሐፍ በሰባተኛው ሳምንት ይዛ መጣች። ከእጇ ተቀብዬ ወዲያው ከፈትኩት። ሽፋኑ ላይ የቅቤ እድፍ አለ፣ በገጾቹ መካከል አሸዋ አለ፣ የታችኛው ጥግ ተበልቷል።

"ይህን ማን በላው?"

"ፍየል" አለች።

ሰልፉ ሳቀ። በእኔ የሳቁ መሰለኝ። ዓመቱ እስኪያልቅ መጽሐፍ እንዳትወስድ ከለከልኳትና ስሟን መዝገቡ ላይ በቀይ አሰመርኩበት። ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁም።

ሰኔ ላይ ስቆጥር ዘጠኝ መጽሐፍ አልተመለሰም። ዘጠኙም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጣቀሻ፣ ዘጠኙም በዘህራ ጓደኞች ስም የወጣ። ማን ጋ እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። የዘህራን ስም ከላይ፣ የጓደኞቿን ከታች በትልቁ ጻፍኩና "መጽሐፍ ሳይመልሱ ምዝገባ የለም" ብዬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ምዝገባ የመከልከል ሥልጣን የለኝም። አቶ ዓሊ አይተው ልጆቹ ከብቱን ተከትለው ነው የሄዱት፣ ይመለሳሉ፣ አውርጂው አሉኝ። እሺ አልኩ። አላወረድኩትም።

ደገኞቹ አስተማሪዎች ለክረምት ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጣቀሻዎች፣ አርባ ሁለት መጻሕፍት፣ ተገነጣጥለው ነበር፤ በመስከረም ተማሪው ሲመጣ እንደ አዲስ ሆነው እንዲያገኛቸው ፈለግሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በስቼ ሰፋሁ፣ ጂንስ ቆረጥኩ። ሙጫው ላይ ስደርስ ግን ሰነፍኩ። ኒም ሠመራም አለ። ግን ቅጠል መልቀም፣ ግማሽ ቀን መቀቀል፣ በዚያ ሙቀት እሳት አጠገብ መቆም፣ ከዚያ ሽታው። በባዶ ውሃ በጠበጥኩት። ጋሽ ደምሴ ደውለው ሥራው እንዴት ነው ሲሉኝ አርባ ሁለት መጽሐፍ መጠረዜን በኩራት ነገርኳቸው።

"ኒሙን ጨመርሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

በርቺ ብለው ስልኩን ዘጉ። ክፍሉን ቆልፌ እኔም አዋሽ እናቴ ጋ ሄድኩ።

መስከረም ላይ በሩን ስከፍት መደርደሪያው እንደተውኩት ነበር። ሰማያዊ ጂንስ የለበሱ ጀርባዎች ተሰልፈዋል፤ እንዲያውም ኮራ አልኩ። አንዱን ስስበው ቀለለኝ። ሽፋን ብቻ ነበር፤ ውስጡ አፈር ሆኗል። ሁለተኛውን ሳብኩ፣ ሦስተኛውን ሳብኩ። ምስጡ ከግድግዳው ወጥቶ፣ በጣውላው ጀርባ የጭቃ መንገድ ሠርቶ፣ በዱቄት በጠረዝኩት በኩል ገብቶ በልቷቸዋል። ያልጠረዝኳቸው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጻሕፍት አጠገባቸው ቆመዋል፤ አልተነኩም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ አልልም፤ ግን ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

የአገር አቀፉ ፈተና በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከእኔ ክፍል ሌላ ማጣቀሻ የሚያገኙበት ቦታ አልነበራቸውም። አቶ ዓሊ ቢሮ ገባሁና ምስጥ በላው ብቻ ብዬ አልተውኩትም። ኒሙን አልጨመርኩም፣ ለቀድሞ አለቃዬም ዋሽቻለሁ፣ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትንም አላወረድኩም አልኩ። ግዢ እንጠይቃለን፣ ግን ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ፈተናው ይደርሳል አሉ። ከዚያ፣

"ዝርዝርሽ ላይ ያሉት ዘጠኙስ?" አሉኝ። "ደግሞ ያቺ ልጅ አልተመዘገበችም። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።"

ቀኑ ረቡዕ ነበር። በማግስቱ ጧት ወደ ጅቡቲ በሚወርድ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ለምን ሰርዶ እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ መጽሐፍ ለመሰብሰብ አልኩት። እኔ ጎማ መንገድ ላይ ቢወድቅብኝ እንኳን ለማንሳት ይህን ያህል አልመለስም አለኝ።

የዘህራ አክስት ሰርዶ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ በሰሌን በተሠራ ዳስ ውስጥ ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች። ዘህራ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ሦስት ልጃገረዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ደብተር ላይ አጎንብሰዋል። አየችኝ፤ አልተነሳችም።

"ስሜን አወረድሽው?"

"አላወረድኩትም" አልኳት።

ብርጭቆውን አንጠባጥባ ደፋችው። "ለመጽሐፉ ነው የመጣሽው ለእኔ?"

ለአንቺ ብላት ደስ ባላት። ግን በዚያ ክረምት አንድ ውሸት ያደረገውን አይቻለሁ። "ለመጽሐፉ ነው የተነሳሁት" አልኳት፤ ከዚያ የአርባ ሁለቱን መጽሐፍ ነገር አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። ምስጥ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀና አለች።

"የኔን ፍየል ስትሰድቢ ነበር" አለች። "የኔ ፍየል ጥጉን ብቻ ነው የበላው።"

ልጃገረዶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሲያንሰኝ ነው።

ዘህራ ተነሳችና ከዳሱ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ስልቻ አወረደች። ዘጠኙም መጻሕፍት ውስጡ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው። አንዱን ገለጥኩ። እንኳን ሊበላ አልታጠፈም። ለምን ሰቀልሻቸው ስላት እንደ ሞኝ አየችኝ፤ መሬት ላይ የዋለ ነገር የምስጥ ነው፣ እዚህ ሕፃንም ያውቀዋል አለች። ስልቻው ውስጥ ደብተርም ነበር። ዘርግታ አሳየችኝ፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ የማን ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ወዴት እንደተሻገረ፣ መቼ እንደሚመለስ። እኔ በቀይ የማሰምርበትን ስም እሷ ቤተሰቡ ከሰፈረበት ቦታ ጋር ጽፋዋለች። ያን ክረምት ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት የነበረው ሰርዶ ነው።

ያኔ ነው ፊቷን ያየሁት። ደክሟታል። ኩራትም አለበት። "የሂሳቡ መጽሐፍ" አልኳት፣ "ያ ፍየል የቀመሰው። ምን አለሽ?"

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም። ሲገባት ግን አላቆመችም። ሰባቱን ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ሰርዶ እየመጣች፣ ትምህርት ቤት ለማይሄዱት ለሦስቱ ልጃገረዶች ከዚያ መጽሐፍ ስታስተምር ነበር፤ ያለ አስተማሪ አንድ ምዕራፍ ላይ ሦስት ሳምንት ቆይተዋል፣ መልሱ ከኋላ ካለው ጋር አልገጥም ብሎ አልቅሰዋል፣ በመጨረሻ ስህተቱ የመጽሐፉ ሆኖ ተገኝቷል። አሁን ግን፣ አለች፣ ሰሌዳው ላይ ስሜን ሳይ ወላሂ ተባረርኩ ብዬ ነው የቀረሁት፤ አክስቴም ሻይ ቤቱን ያዢልኝ ብላኛለች።

"አልተባረርሽም" አልኳት። "የዋሸው ወረቀቱ ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ነገ ይዘጋል። ዛሬ እንሂድ።"

አክስቷ ከወዲያ ሆና በአፋርኛ አንድ ነገር አለች፣ ሾፌሮቹ ሳቁ። ዘህራ ተረጎመችልኝ፤ ይቺ ሴትዮ ወረቀቷን ስትቀድ ካላየሽ አትመዝገቢ እያለችኝ ነው አለች።

ከዘጠኙ ስድስቱን ይዘን ተመለስን። ሦስቱን ለልጃገረዶቹ እዚያው ተውኩ፤ በሥራ ዘመኔ ያለ ፊርማ የሰጠኋቸው የመጀመሪያ መጻሕፍት ናቸው። ዓርብ ጧት ተማሪው ሁሉ ለሰልፍ በቆመበት ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ቀደድኩት፤ ዘህራም አየችና ገብታ ተመዘገበች።

ስድስት መጽሐፍ ለአንድ ሙሉ ክፍል አይበቃም። ስለዚህ መጻሕፍቱን ፈታኋቸው። ምዕራፍ ምዕራፋቸውን ለይቼ እያንዳንዱን እንደ ቀጭን ደብተር ሰፋሁት፣ ጂንስ አለበስኩት። አንዱ መጽሐፍ ስምንት አሥር ሆነ። አንዱ ስለ መብራት ሲያነብ ሌላው ከዚያው መጽሐፍ ስለ ሙቀት ያነባል፤ ቅዳሜ ይለዋወጣሉ። ማን ለማን እንደሚያቀብል በዘህራ ደብተር ተመራ። የመንግሥት ንብረት በታትነሻል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ አቶ ዓሊ እኔ ነኝ ያዘዝኳት ብለው በወረቀት ፈረሙልኝ። ኒሙን ግማሽ ቀን ቀቀልኩ። ግቢው ሁሉ ሸተተ፤ ማንም አልተናገረኝም።

ለጋሽ ደምሴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። "አውቄ ነበር" አሉ። "ኒም የቀቀለ ሰው አዎ ብሎ ዝም አይልም። መጀመሪያ ስለ ሽታው ያማርራል።"

የቀረው የመደርደሪያው ነገር ነበር። ሎጊያ ወረድኩና እትዬ ሙሉ የሚባሉ ሴትዮ ጋራዥ ገብቼ የተቃጠለ ዘይት ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ሲሰሙ ሳቁና አንድ ጀሪካን ሰጡኝ። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው አራቅን፣ እያንዳንዱን እግር ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቆምን። ምስጥ ዘይት አይሻገርም። እስከ ዛሬ አልተሻገረም። እትዬ ሙሉም በየዓመቱ ዘይቱን ልቀይር ስሄድ፣ ዕቃዬ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለኝም፣ መቼ ነው የምትመጪልኝ ይሉኝ ነበር። ይኸው ልሄድላቸው ነው።

ከዚያ ክፍል ብዙዎቹ አለፉ፤ ዘህራም አለፈች። የእኔ ሥራ ብቻ ነው አልልም። የእኔም ሥራ ነው ግን፤ አንገቴን ደፍቼ አልናገረውም። በሚቀጥሉት ዓመታት መጽሐፍ በሣጥን እያደረግሁ በሚያልፉ መኪናዎች ወደ ሰርዶም ወደ ገዋኔም ላክሁ። የመኪና ረዳቶች እየፈረሙ ይወስዳሉ፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ አንብቦት ሲመለስ ሌላ አለ ወይ ይለኛል። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሰው ልከው አሠራሩን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ባለ ዲግሪዎች መጥተው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ሴት ወስፌ አያያዝ ተማሩ። እንዴት አልኮራ?

ባለፈው ሳምንት ርክክብ አደረግን። የምትተካኝ ልጅ በሙያው የተመረቀች፣ ንጹህ ጽሕፈት ያላት፣ ከደሴ የመጣች ናት። የንብረት ክፍሉ ቅጽ ሁለት ዓምድ አለው፤ በእጅ ያለ፣ የጠፋ። ስንቆጥር ሃያ ሦስት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የለም። የጠፋ ብዬ ልጻፍ አለችኝ። አልጠፉም አልኳትና ማስመሪያ ወስጄ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። አናቱ ላይ "ሰው ጋ ያለ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሃያ ሦስቱም ፊት የሰው ስምና የቦታ ስም ሞላሁ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ እንዲህ የሚል ዓምድ የለም አለ። አቶ ዓሊ ቅጹን ስበው አሁን አለ ብለው ፈረሙበት።

የሐዲዷን ብረት ጠረጴዛው ላይ ተውኳት። ልጅቷ ቁጥር ስለሌላት ምን ብዬ ልመዝግባት አለች። ትራስ ናት፣ አትመዝግቢያት አልኳት።

ከዚያ ጣቷን ዓምዱ ላይ አሳርፋ አንዱን አነበበች። "የሂሳብ መጽሐፍ፣ ጥጉ የተበላ። ዘህራ፣ ሰርዶ። ይቺ ማን ናት?"

"እዚያ አስተማሪ ናት። በዚያ መጽሐፍ ነው የምታስተምረው።"

"መቼ ትመልሰዋለች?"

"አላውቅም" አልኳት። "ስትመጣ ግን መጽሐፉን ለመክፈት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፊቷን እዪ።"

"ከዚያስ?"

"ምን አለሽ በያት። ደግሞ ወንበር አቅርቢላት፤ ረጅም ነው።"